የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል ማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ሚሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ካልመዘገብኳቸው ቁጥሮች በተደጋጋሚ ይደወልልኛል። አንዳንዱ ቁጥሩ ይታያል፣ አንዳንዱ «ፕራይቬት ነምበር» ብቻ ይላል፣ አንዳንዱ በውጭ አገር ኮድ አንዴ ጠርቶ ይዘጋል። የደዋዩን ስም የሚያሳየውን ትሩኮለር የሚባል አፕ ልጫን? የእኔ አንድሮይድ ነው፣ የእህቴ አይፎን።

አንቴና፦ ቁጥሩ ከታየ መጀመሪያ ከነአገር ኮዱ መዝግቢውና ዋትስአፕና ቴሌግራም ላይ እዪው፤ ብዙ ጊዜ ስም ወይም ፎቶ ይወጣል። ካልወጣ አካውንት የለውም ማለት አይደለም፣ በቁጥሩ እንዳይገኝ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ላይ ስትመዘግቢ «ቁጥሬን አጋራ» የሚለው ምልክት መጥፋቱን እርግጠኛ ሁኚ፤ አለዚያ የአንቺ ቁጥር ለእሱ ይታየዋል።
«ፕራይቬት» የሚለውን ግን የትኛውም አፕ አያወጣልሽም። ደዋዩ ከቁጥሩ ፊት #31# ሲጨምር ኔትወርኩ ማንነቱን ያውቃል፣ ወደ ስልክሽ ግን አያሳልፈውም። «የተደበቀ ቁጥር እናወጣለን» የሚል አፕ ካየሽ አትጫኚው። ማስፈራራት ካለበት ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበሽ ለፖሊስ አመልክቺ፤ ኦፕሬተሩ መዝገቡን የሚያወጣው በሕግ ሲጠየቅ ነው።

ኮድ ፈቺ፦ ትሩኮለር ይጠቅማል፣ ግን ስሙን የሚያመጣው ተጠቃሚዎች ከሰጡት መረጃ እንጂ ከመታወቂያ መዝገብ አይደለም። «ቧንቧ ሠሪው» ብሎ ሊያሳይሽ ይችላል፤ ሲም ካርዱ ባለቤት ቀይሮ የድሮው ስም የሚቀርበትም ጊዜ አለ። እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ አትያዢው። አይፎን ላይ መጫኑ ብቻ አይበቃም፦ ሴቲንግስ፣ ፎን፣ «ኮል ብሎኪንግ ኤንድ አይደንቲፊኬሽን» ገብታ ታብራው (የአይፎኑ ሲስተም አይኦኤስ 18 ከሆነ ፎን ያለው «አፕስ» ውስጥ ነው)። የራስሽን ቁጥር ከዝርዝሩ ለማውጣት መጀመሪያ አካውንቱን ዝጊ፣ ከዚያ ድረ ገጻቸው ላይ ከነአገር ኮዱ አስገቢ።

ጸጥታ፦ አንድሮይድሽ የጉግል ፎን አፕ ካለው ሦስቷን ነጥብ፣ ሴቲንግስ፣ «ኮለር አይዲ ኤንድ ስፓም» አብሪ። እዚያው ብሎክ ማድረጊያው ላይ «አንኖውን» የሚለው ሰዎችን ያሳስታል፤ የሚዘጋው የተደበቁትን ብቻ ነው፣ ያልመዘገብሻቸውን አይደለም። ፕራይቬቱን የሚገላግልሽ እሱ ነው። አይፎን ከአይኦኤስ 13 ጀምሮ ያልተመዘገበን ቁጥር ጥሪ ድምፁን የሚያጠፋ ምርጫ አለው፤ ግን ከበራ ዕቃ አድራሹንና ክሊኒኩንም አብሮ ዝም ያሰኛል፣ እኔ አልመክረውም።

ሚሚ፦ አመሰግናለሁ። የውጭውንስ ብሎክ ላድርገው?

ኮድ ፈቺ፦ «ዋንጊሪ» ይባላል፤ መልሰሽ ስትደውዪ ውድ መስመር ላይ ሂሳብሽ እንዲቆጥር ነው። አትመልሺ፣ በቃ። +1 ያለው ሁሉ አሜሪካ እንዳይመስልሽ፤ +1 876 ጃማይካ፣ +1 473 ግሬናዳ ነው።

አንቴና፦ ብሎክ ብታደርጊም ብዙ አትጠብቂ። በኢንተርኔት የሚደውሉ የፈለጉትን ቁጥር ማሳየት ይችላሉ፣ ነገ በሌላ ይመጣሉ። በዚሁ ምክንያት ደውለሽ የምትሰድቢው ሰው ምንም የማያውቅ ሊሆን ይችላል። «ከባንክ ነው» ካለሽ ዝጊና ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራስሽ ደውዪ። በ *21* ወይም በ **21* የሚጀምር ኮድ አስገቢ ካለሽ ደግሞ ጥሪሽን ሁሉ ወደ ራሱ ሊያዞር ነው፤ በድምፅ የሚነገር የማረጋገጫ ኮድም አብሮ ይሄዳል። አስገብተሽ ከሆነ *#21# ደውለሽ አጣሪ፣ በ ##002# ሰርዢው።