ደሴ፦ ሊጡ አልቦካም፣ እንግዶቹ ነገ ይደርሳሉ!

የጦሳ ሥር፦
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ነገ ረፋድ ላይ ከጀርመን የመጡ እንግዶች ቤቴ ይገባሉ፤ ወደ ላሊበላ እያለፉ ነው። እንጀራ ሲጋገር ሊያዩ፣ ራሳቸውም ሊሞክሩ ነው የሚመጡት። ሊጡን ያቦካሁት ከትናንት ወዲያ ማታ ነበር። እስከ አሁን ኩፍ አላለም፣ ውሃው ከላይ አልጠለለም፣ ሽታውም ገና የዱቄት ነው። ምን ላድርግ?

ቦርከና፦
እህቴ፣ ጥፋቱ የሊጡ አይደለም፣ የብርዱ ነው። ሊጥን የሚያቦኩት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው፤ ሲበርዳቸው ሥራቸው ይዘገያል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ ኮምቦልቻ ያለነው 1,850 አካባቢ። በመካከላችን ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሙቀቱ ግን ሌላ አገር ነው። እናቴ እዚህ በሁለት ቀን የምትጋግረውን አክስቴ ደሴ ላይ በክረምት አራት ቀን ትጠብቀዋለች። ይልቅ ንገሪን፦ እርሾ ምን ያህል ጨመርሽ? ባልዲው ሲሚንቶ ላይ ነው የተቀመጠው?

ፒያሳ ሰፈር፦
ቀላል ነው። የስንዴ ዱቄት ቀላቅዪበት፣ ከሱቅ የሚሸጠውን የዳቦ እርሾም በለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ጨምሪ። ሌሊቱን ያድራል፣ ጠዋት ትጋግሪዋለሽ።

የሐይቅ መንገድ፦
በነሐሴ ዝናብ ደሴ ላይ ማን ከመኝታው ይነሣል? ሊጡንም ጋቢ አልብሺው፣ ምድጃ አጠገብ አስተኚው፤ ሲሞቀው ይነሣል።

ሰኞ ገበያ፦
የዳቦ እርሾና ትንሽ ስንዴ ጨምሪበት። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው።

የጦሳ ሥር፦
ስንዴ በፍጹም አይሆንም! ከእንግዶቹ አንዷ ስንዴ ሐኪም ከልክሏታል፤ ትንሽ እንኳ ብትቀምስ ትታመማለች። እኔ ቤት ለመብላት የተስማማችው የጤፍ ብቻ ነው ስላልኳት ነው። ባልዲው አዎ፣ ሲሚንቶ ላይ ነው። እርሾው አንድ ስኒ ያህል ነበር፤ የቆየ ነው።

ሸዋ በር፦
እኔ የማይገባኝ ይህ ሁሉ ጭንቀት ነው። እንጀራ በየጉልቱ ይሸጣል። ገዝተሽ አቅርቢ፣ ወይም ሆቴል ወስደሽ ዶሮ ወጥ አብሊያቸው። ስንዴ ለማትበላዋ ደግሞ የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ ወይም ጭኮ። እንግዳ የሚፈልገው መጥገብ ነው እንጂ ጭስ ማየት አይደለም።

የሮቢት እናት፦
ወንድሜ ሸዋ በር፣ የገብሱን ነገር ተወው። ስንዴ ውስጥ ያለውና የሚያሳምማት ነገር ገብስም ውስጥ አለ፤ ማቡካትም ማብሰልም አያጠፋውም። ስለዚህ ገንፎም፣ ጭኮም፣ በሶም አይሆናትም። የጉልቱም እንጀራ ምን እንደተቀላቀለበት አታውቀውም። ማሽላ ቢሆን ይሆናታል።

ዶሮ ወጡንስ በምን ልብህ አሰብከው? ፍልሰታ ገብቷል፣ ቤቱ ጾም ነው። ሰዎቹ የመጡት እኛ የምንበላውን ሊበሉ ነው። ሽሮው፣ የምስር ወጡ፣ ጎመኑ፣ የሱፍ ፍትፍቱ በአንድ ትሪ ይቅረብ። ወሎን ማየት ከፈለጉ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ በሥጋ ቀን እስላምና ክርስቲያኑ ለየብቻ ያርዳል፣ ለየብቻ ይበላል፤ በጾም ምግብ ግን ጎረቤት ሁሉ አንድ ትሪ ይከባል። ሙስሊም ጎረቤቶችሽን ጥሪያቸው ልጄ፣ ቡናውን እነርሱ ያፍሉት። እንግዶቹም ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጡ፤ ከሆቴል ይህን አያገኙትም።

አሁን ወደ ሊጡ። የቆየ እርሾ ደካማ ነው። ዛሬ የጋገረች ጎረቤት ፈልጊና አዲስ እርሾ ተበደሪ፤ ገብስ ወይም ስንዴ የምትቀላቅል ከሆነች ግን አትቀበያት። ጨምረሽ በደንብ በእጅሽ ምቺው። ባልዲውን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ አቁሚው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዪው፣ ምድጃው ካለበት ክፍል ይደር። ውሃው ሲቀዘቅዝ ለውጪለት።

ጠዋት ውሃው ጠልሎ ካገኘሽው ቅጂና አንድ ጭልፋ ከሊጡ ወስደሽ በፈላ ውሃ አብሲት ጣዪ፤ ሳታቋርጪ አማስዪው። ጣትሽ እስኪችለው ድረስ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሊጡ አትመልሺው፣ ትኩሱ እርሾውን ይገድለዋል። ኩፍ ሲል ትጋግሪያለሽ። አብሲቱን እንግዶቹ ሲደርሱ ብትጥዪው ደግሞ ያዩታል፤ እስኪነሣም ቡናው ይፈላል።

ባይቦካስ? አፍለኛ ጋግሪላቸው። ያልኮመጠጠ እንጀራ ነው፣ ዓይኑ ትንሽ ነው፣ ግን የጤፍ ነው፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። ለባዕድ አፍ እንዲያውም ይቀላል። ተበላሽቷል ብለሽ አንዲት ጭልፋ እንዳትደፊ።

ፒያሳ ሰፈር፦
የዳቦ እርሾው ብቻውን፣ ያለ ስንዴው ቢሆንስ?

ቦርከና፦
ኩፍ ያደርገዋል፤ ኮምጣጣውን ግን አይሰጠውም። እንግዶቹ የሚማሩት የእኛን እርሾ መሆን አለበት።

የጦሳ ሥር፦
እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳፋው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ አሁን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለች ዘመዴ ለእርሾ እየወጣሁ ነው። ምጣዱስ? ባለፈው ሳምንት የስንዴ ቂጣ ጋግሬበታለሁ።

የሮቢት እናት፦
እንግዲያውስ ለእርሷ በዚያ ምጣድ አትጋግሪ። የተቀመጠ ሌላ ምጣድ ያለው ሰው ካለ ተዋሺ፣ ማሰሻውንም በአዲስ ጨርቅ ለውጪ፣ ጎመን ዘሩንም አዲስ ውቀጪ። የዘመድሽን ምጣድ ጠይቂ፣ ስንዴም ገብስም ካልነካው።

የሐይቅ መንገድ፦
ጠላም እንዳትቀጂላት፣ ገብስ አለበት። ብርዝ በጥብጪላት፤ ጾመኛውም፣ ሙስሊም ጎረቤትሽም፣ እንግዳዋም አብረው ይጠጡታል።

ሰኞ ገበያ፦
የጤፉ ዱቄትስ? ወፍጮ ቤቱ ስንዴ ከፈጨ በኋላ ከሆነ የተፈጨው፣ ያ አይቆጠርም?

ቦርከና፦
ይቆጠራል። የጦሳ ሥር፣ ጤፉን የት ነው ያስፈጨሽው? ሽሮውና በርበሬውስ?