ጊት ላይ የገቡ ትልልቅ ፋይሎችን ከታሪኩ ለማውጣት እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበውን ፕሮግራም) ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ድረሱልኝ።

አምስት ሆነን አንድ የሞባይል አፕ እየሠራን ነው። ሪፖው (ኮዱ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት ማከማቻ) ውስጥ የዳታቤዝ ባክአፕ በዚፕ ሲገባ ቆይቷል። እያንዳንዱ 80 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ዚፕ ደግሞ አንዴ ስለታመቀ ጊት በስሪቶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ አያስቀምጥም፣ በየጊዜው ሙሉውን ይከምረዋል። አሁን ሪፖው ከ2 ጊጋባይት አልፏል። በእኛ ኢንተርኔት አዲስ የገባው ልጅ ክሎን ማድረግ (ሪፖውን ወደ ላፕቶፑ መቅዳት) አቃተው፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። ለጊዜው ዴፕዝ 1 ብሎ የመጨረሻውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ አወረደ።

ፋይሎቹን ሰርዘናል፣ ጊትኢግኖር (ጊት የትኞቹን ፋይሎች እንደሚያልፍ የሚነገርበት ፋይል) ውስጥም አስገብተናል። መጠኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ታሪኩ ውስጥ ስላሉ መሆኑ ገብቶኛል።

ፊልተር-ሪፖ የሚባለው መሣሪያ ያጸዳቸዋል። የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ፋይሎቹ መጀመሪያ ከገቡበት ጀምሮ ያሉት ኮሚቶች ሃሽ (መለያ ቁጥር) ሁሉ ይቀየራል። ሁለቱ ልጆች ፑሽ ያላደረጉት (ወደ ጋራው ሪፖ ያልላኩት) ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) በየላፕቶፓቸው አላቸው፣ አንዱማ ክፍለ አገር ነው ያለው። ከመካከላቸው አንድ ሰው አሮጌውን ብራንች መርጅ ካደረገ (ከዋናው ጋር ካዋሃደ) ያ ሁሉ ጉድ ተመልሶ ይመጣል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ሁሉም ፑሽ ያድርግና ከዚያ እናጽዳ? ወይስ ሥራቸውን በፓች (ለውጡን ብቻ በያዘ ፋይል) አውጥተው አዲሱ ክሎን ላይ ይጫኑት? ክፍት ያሉት ፑል ሪኩዌስቶችስ (ገና ያልተዋሃዱ የመርጅ ጥያቄዎች) ምን ይሆናሉ? በተግባር የሠራችሁት ካለ ቅደም ተከተሉን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።