የኮራል አኳሪየም የውሃ ማጣሪያዎችን መቼ ልቀይር?

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ውስጥ 250 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፤ ለስላሳ ኮራሎችና ሁለት ክላውን ዓሦች ይኖሩበታል። የባሕር ጨው የማሟሟበትን ውሃ የማዘጋጀው በአራት ደረጃ ማጣሪያ ነው፤ ውሃው መጀመሪያ በደለል ማጣሪያው፣ ቀጥሎ በከሰሉ፣ ከዚያ በአር ኦ ሜምብሬኑ (ውሃውን በግፊት አሳልፎ ጨዉን በሚያስቀረው ስስ ሽፋን)፣ በመጨረሻም በሬዚኑ (የቀረውን ጨው በሚይዙት ጥቃቅን ፍሬዎች) ያልፋል። ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው «ሁሉንም በየስድስት ወሩ ቀይር» ብሎኛል፤ ይሁን እንጂ መለዋወጫውን የማገኘው ከውጭ የሚመጣ ሰው ለምኜ ስለሆነ፣ ያልደከመ ዕቃ መጣል ያሳዝነኛል። የቧንቧው ውሃ በቲዲኤስ ሜትር (በውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን በኤሌክትሪክ በሚለካው መሣሪያ) ሲለካ 160 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 160 እጅ) ነው። ከሜምብሬኑ የሚወጣው ዕቃው አዲስ ሳለ 4 ነበር፤ አሁን 9 ደርሷል። ከሬዚኑ በኋላ ግን ዛሬም 0 ያሳያል። ሆኖም ክረምቱ ከገባ ወዲህ አሸዋው ላይ ቡናማ ሽፋን እየተጋገረ ነው። የትኛውን ልቀይር? በምንስ ምልክት ልወቅ?

ምላሽ (ከአዘዞ)

ወንድሜ፣ ከመቀየርዎ በፊት መጠየቅዎ ጥሩ ነው። የስድስት ወሩ ቀጠሮ ለደለልና ለከሰል ማጣሪያ መነሻ ይሆናል እንጂ ለሜምብሬን አይሆንም፤ ሜምብሬን ከፊቱ ያሉት ሁለቱ በጊዜ ከተቀየሩለት ሁለት ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል።

የእርስዎን ቁጥር እናስላው። ከ160 ውስጥ 4 ብቻ ያልፍ በነበረበት ጊዜ ሜምብሬኑ 97.5 በመቶውን ያስቀር ነበር፤ አሁን 9 ሲያልፍ ወደ 94.4 በመቶ ወርዷል። ጤነኛ ሜምብሬን ብዙውን ጊዜ ከ95 እስከ 98 በመቶ ስለሚያስቀር ቁጥሩ ያሳስባል፤ ነገር ግን ጥፋቱ የሜምብሬኑ ነው ብለው ለመፍረድ አይቸኩሉ። ሜምብሬን በደንብ የሚሠራው በቂ ግፊት ሲያገኝ ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ የሚያወጣው ንጹሕ ውሃ ያንሳል፣ በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው የጨው ድርሻ ግን ይጨምራል። ለከተማችን ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በክረምት ከተፋሰሱ በሚወርድ ደለል እንደሚቸገር ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ውሃው ጠፍቶ ሲመለስም በመስመሩ ውስጥ የተኛው ዝቃጭ ተነሥቶ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው የደለል ማጣሪያው ላይ ነው፤ እርሱ ሲደፈን ከኋላው ያለው ሜምብሬን በግፊት እጦት የደከመ ይመስላል። ከሮቶ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ የ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሜምብሬኑ የሚፈልገውን ከ3 እስከ 4 ባር ያለ ፓምፕ ማግኘት አይቻልም።

ስለዚህ ከከሰሉ በኋላ፣ ከሜምብሬኑ በፊት የግፊት መለኪያ ያስገጥሙ። አዲስ ማጣሪያ ባስገቡበት ዕለት ያነበቡትን ቁጥር ጽፈው እዚያው ይለጥፉት። የቧንቧው ግፊት እንደወትሮው ሆኖ ይህ ቁጥር በግልጽ ከወረደ፣ የደለል ማጣሪያው የሚቀየርበት ቀን ደርሷል ማለት ነው፤ በክረምት ይህ ከስድስት ወር በፊት ሊሆን ይችላል።

ምላሽ (ከፒያሳ)

ስለ ከሰሉ አንድ ነገር ልጨምር። የከሰሉ ዋና ሥራ ክሎሪንን መያዝ ነው፤ ክሎሪን የሜምብሬኑን ስስ ሽፋን ይበላዋል፣ የተበላውም አይጠገንም። ከሰሉ መድከሙን ቲዲኤስ ሜትር አይነግርዎትም። በየወሩ ከሜምብሬኑ በቆሻሻ መስመር የሚወጣውን ውሃ በክሎሪን መመርመሪያ ይፈትሹ፤ ጥቂትም ቢሆን ክሎሪን ከታየ ከሰሉን በዚያው ቀን ይቀይሩ። ሮቶ ውስጥ ክሎሪን የሚጨምር ቤተሰብ ካለዎት በዚያ ሰሞን የሮቶውን ውሃ ወደ ማጣሪያው ባያስገቡት ይመረጣል። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ሦስት አራት ሊትር ስለሚፈስስ ከሰሉ የሚያስተናግደው ውሃ እርስዎ ከሚጠቀሙት ብዙ እጥፍ ነው። የሚፈስሰውንም በጀሪካን ያጠራቅሙ፤ ለልብስና ለወለል እጥበት ይሆናል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መድፋቱ ይከብዳል።

ምላሽ (ከቀበሌ 18)

ቡናማው ሽፋን ዳያተም የሚባለው ደቂቅ አልጌ ይመስለኛል። አኳሪየሙ ገና ጥቂት ወራት የሆነው ከሆነ በራሱ ሊጠፋ ይችላል፤ የቆየ ከሆነ ግን ሬዚኑን ይጠርጥሩ፣ ምንም እንኳ 0 ቢያሳይ። ዳያተም የሚያድገው ከድንጋይ ወደ ውሃ በሚገባው ሲሊካ በተባለ ማዕድን ነው፤ በውሃ ውስጥ የሟሟ ሲሊካ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙሌቱ እጅግ ደካማ ስለሆነ ቲዲኤስ ሜትር አያየውም። ሬዚን መሙላት ሲጀምር መጀመሪያ የሚለቀው አላልቶ የያዘውን ሲሊካ ነው። አካባቢያችን ሲሊካ ባለው የባዛልት ድንጋይ የተሞላ ስለሆነ፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ሰዎች የሲሊኬት (በውሃ የሟሟ ሲሊካ) መመርመሪያ ያስፈልጋችኋል። ሁለት የሬዚን ዕቃ ተከታትሎ ቢገጠም መልካም ነው፤ ከመጀመሪያው የሚወጣው ውሃ ቲዲኤሱ 1 ሲደርስ ያ ሬዚን ይጣላል፣ ሁለተኛው ወደ ፊት ይመጣል፣ አዲሱ ከኋላ ይገባል።

ሌላም አለ። ማጣሪያው ቆሞ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ቲዲኤሱ ከፍተኛ ነው። ውሃው በፈረቃ ሲመጣ ደጋግመው ስለሚያስነሡት ያ ውሃ ሬዚኑን ያለ ጊዜው ይጨርሰዋል፤ ከሜምብሬኑ ቀጥሎ ቧንቧ አስገጥመው ቁጥሩ እስኪረጋ ያፍስሱት።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መለኪያውን ሳስገጥም ግፊቱ 2 ባር ብቻ ነበር። የደለል ማጣሪያውን ስከፍተው እስከ ውስጡ በቀይ ጭቃ ተሞልቷል፤ በቀየርኩት ማግሥት ግፊቱ 3.4 ባር ሆነ፣ ከሜምብሬኑ የሚወጣውም ወደ 5 ወረደ። ሜምብሬኑን አልቀይረውም። በቆሻሻው መስመር ክሎሪን አልታየም። አኳሪየሙ ግን ሁለት ዓመት ስላለፈው ሬዚኑን ከሲሊኬት መመርመሪያው ጋር አዝዣለሁ፤ እስኪደርስ ድረስ ማጣሪያው በተነሣ ቁጥር የመጀመሪያውን ውሃ በባልዲ እየቀዳሁ ለልብስ እጥበት አውለዋለሁ።