የጭጋግ መብራቱን ኤሌክትሪክ ከየት ልውሰድ?

ጠያቂ፣ የፒካፕ ሹፌር
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፕ አለችኝ። ከዳባት ድንች እየጫንሁ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አራግፋለሁ። በክረምት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጭጋጉ እንዴት እንደሚወርድ መንገዱን የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ። የአስፋልቱ ጠርዝ እየጠፋብኝ ስቸገር ሁለት የጭጋግ መብራት አስገጠምሁ፤ እያንዳንዱ ባለ 55 ዋት ሃሎጅን ነው።

ገጣሚው ኤሌክትሪኩን ከፓርኪንግ መብራቱ ሽቦ ቀጠለልኝ። በማግስቱ ፊውዙ ተቃጠለ። ባለ 10 አምፔር ነበር፣ በ15 ቀየርሁት። እሱም ሳምንት አልቆየም። ሲመርረኝ 30 ሰካሁበት። ከዚያ ወዲህ አልተቃጠለም። ትናንት ማታ ግን ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ስር የፕላስቲክ ሽታ መጣ። ዳር ይዤ ቆምሁና እጄን ሰደድሁ። ሽቦው ይፋጃል። ልባሱ እንደ ሰም ለስልሶ የጣቴ ምልክት ቀረበት። ልጄ አጠገቤ ተኝቶ ነበር፣ በጣም ደነገጥሁ። ትክክለኛው መነሻ የት ነው? የስልክ ቻርጀርም ማስገባት እፈልጋለሁ።

ኤሌክትሪሺያን፣ አዘዞ
ወንድሜ፣ እንኳን ቆመህ አየኸው። መጀመሪያ ያንን 30 ፊውዝ ንቀለው፣ አሁኑኑ። የጭጋግ መብራቱን ቅጥያ ቁረጥ። የለሰለሰውን ሽቦ በአዲስ ለውጠህ 10ሩን ወደ ቦታው መልስ። ሽቦውን ሳትለውጥ ግን 10ም ቢሆን አትስካ። ልባሱ ከተጎዳ ቦዲውን ነክቶ እሳት ያስነሳል።

ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን አይደለም፣ ሽቦውን ነው። ሁለቱ መብራቶችህ 110 ዋት ናቸው። ለ12 ቮልት ስታካፍለው ከ9 አምፔር በላይ ይመጣል። የፓርኪንግ ሽቦ ደግሞ ለትንንሽ አምፖሎች የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው። 30 ስትሰካበት ከፊውዙ በፊት የሚቀልጠው ሽቦው ሆነ።

እንዲህ አድርግ። ኤሌክትሪኩን ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ውሰድ። ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ባለ 15 ፊውዝ አስገባ፣ ሰማያዊውን። ከዚያ ወዲያ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመኪና ሽቦ ዘርጋ። ለቤት የሚሆነው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ በንዝረት ይሰበራልና አይሆንም። መሃል ላይ ሪሌ ይግባ፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። ቁጥሮቹ እግሮቹ ላይ ተጽፈዋል፤ 30 ላይ ከፊውዙ የመጣው፣ 87 ላይ ወደ መብራቶቹ የሚሄደው፣ 85 ላይ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቭ)፣ 86 ላይ ከማብሪያው የሚመጣው።

ማብሪያውን ከዚያው ከፓርኪንግ ሽቦ መመገብ ትችላለህ። ሪሌውን ለማንቃት የሚበቃው ከሩብ አምፔር ያነሰ ስለሆነ አይከብደውም። ፓርኪንጉን ስታጠፋ የጭጋግ መብራቱም አብሮ ይጠፋል፣ ረስተኸው ባትሪ አይጨርስብህም።

የባጃጅ ሹፌር፣ ማራኪ
እኔ የምጨምረው ማሳውን ነው። እኔም አንዴ ተጨማሪ መብራት አስገጥሜ ይደበዝዝ ነበር። አምፖል ለወጥሁ፣ ባትሪ አስሞላሁ፣ ምንም የለም። ለካ ማሳው የታሰረው ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ኖሯል። ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፍቄ በብሎን ሳስረው ወዲያው ደመቀ። ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለልም አያዋጣም። በእኛ ኮብልስቶን ስንት ቀን ይቆያል?

የቪትዝ ባለቤት፣ አራዳ
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ ካሜራ አስገጥሜ፣ መኪናዋን ቅዳሜና እሁድ ካቆምኳት ሰኞ ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) አይዞርም። ተያያዥ ነው?

ኤሌክትሪሺያን፣ አዘዞ
አዎ እህቴ። ቁልፉ ሲነቀልም ኤሌክትሪክ ካለው ፊውዝ ላይ አስረውልሻል። ካሜራው 0.3 አምፔር ብቻ ቢስብ እንኳ በ48 ሰዓት 14 አምፔር ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለትንሽ ባትሪ ይህ ብዙ ነው። ቴስተር ያዢና ፊውዞቹን ለኪ። ቁልፉ ሲጠፋ ዜሮ፣ ሲከፈት 12 ቮልት የሚያሳየውን ምረጪ። የሬዲዮው ወይም የሲጋራ መለኮሻው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ከፊውዝ ቦታው ላይ ተሰክቶ ለራሱ ሌላ ፊውዝ የሚይዝ መቀጠያ ይሸጣል፣ ሽቦ መላጥ አያስፈልግሽም። የኤርባግ፣ የፍሬኑ ኤቢኤስና የሞተሩ ኮምፒውተር ፊውዞች ግን አይነኩም። ቢጫ ልባስ ያለው ሽቦ ካየሽ የኤርባግ ሊሆን ይችላልና እጅሽን ሰብስቢ።

ባለ ፒካፑ ወንድሜ፣ ለቻርጀሩ አንተም በዚሁ መንገድ ሂድ።

ጠያቂ፣ የፒካፕ ሹፌር
እግዜር ይስጣችሁ። እሁድ ከሰዓት ሌላ ባለሙያ ይዤ እንዳላችሁት አደረግነው። የድሮውን ሽቦ ስናወጣው አንድ ክንድ ያህሉ ጠቁሮ ከጎኑ ካለው ጋር ተጣብቆ ነበር። አሁን ማብሪያውን ስጫን ሪሌው ቀጭ ይላል። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ 14.1፣ መብራቱ ላይ 13.7 ቮልት ለካን። ግማሽ ሰዓት አብርተን ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰስሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ነገ ሌሊት ወደ ዳባት እወጣለሁ።

ኤሌክትሪሺያን፣ አዘዞ
ጥሩ ሠርታችኋል፣ የ0.4 ልዩነት አያሳስብም። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ መኖሩን እይ፤ ከሌለ የቆርቆሮው ጠርዝ ይቆርጠዋል። መለዋወጫ ፊውዝ ስትይዝም ባለ 15 ብቻ ያዝ። መልካም መንገድ፣ ለልጅህም ሰላምታ።