ከሕክምና በኋላ ቀለበት ሠርቶ የተመለሰ የእግር ኪንታሮት

ውድ ባልደረቦች፣ በጣና ላይ በታንኳ ዓሣ ስለሚያሰግር፣ እግሩ ከውሃ ስለማይወጣ ታካሚ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። የቆዳውን ኪንታሮት ማለቴ ነው፣ የፊንጢጣውን አይደለም።

ተረከዙ ላይ የነበረው ኪንታሮት ባሕር ዳር ውስጥ በፈሳሽ ናይትሮጅን (በማቀዝቀዝ) በየ3 ሳምንቱ 3 ጊዜ ታከመ። መሃሉ ጠፋ፤ ዙሪያውን ግን ቀለበት ሠርቶ በቀለ። ጠባሳ እንዳልለው ሲፋቅ ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ የቆዳው መስመርም እዚያ ላይ ተቋርጧል። ኪንታሮቱን የሚያመጣው ቫይረስ ጤነኛ በሚመስለው የዳር ቆዳ ውስጥ ስለሚቀር፣ ቅዝቃዜው ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ካላለፈ መመለሱ አይገርምም።

አሁን ያሰብኩት የኪንታሮቱን ቆዳ እየላጠ የሚያነሳው ሳሊሲሊክ አሲድ ነው፦ ማታ ማታ 5 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የሞተውን ቆዳ መሞረድ፣ አድርቆ መቀባት፣ በፕላስተር መሸፈን፣ እስከ 12 ሳምንት። ችግሩ ውሃ የጠገበ ቆዳ ላይ አሲዱ ወደ ጤነኛው ይሰራጫል፣ ያቆስላል። ጤነኛውን ለመከላከል ዳሩ ቫዝሊን ከተቀባ ደግሞ ፕላስተሩ አይይዝም።

ናይትሮጅኑን ከአሲዱ ጋር ላጣምረው ወይስ አሲዱን ብቻ ልቀጥል? ስኳርና ኤችአይቪ ተመርምሮ ነጻ ነው። እባካችሁ፣ እንዲህ ባለ እርጥብ እግር ላይ የሠራላችሁን የአሲድ መጠንና ጊዜ ጻፉልኝ፤ ሰውየው መርገጥ እያቃተው ነው።