ፓርቲን በማይበላ እንስሳ መሰየም፦ ጨዋታ ወይስ ነውር?

የውይይቱ መነሻ፦ ደሴ ፒያሳ ባለ አንድ ሻይ ቤት ሁለት አብሮ አደጎች ስለ ምርጫ ሲያወሩ፣ አንዱ የሌላውን ፓርቲ «ጅብ» ብሎ ጠራው፤ የተሰደበውም ሻዩን ሳይጨርስ ጥሎት ተነሣ። ተቃዋሚን በማይበላ እንስሳ ስም መጥራት በየአገሩ ያለ የፖለቲካ ጨዋታ ነው ወይስ ሊቀር የሚገባው ነውር?

መምህሩ፣ ከሆጤ፦ የተነሣው ሰው ተቆጥቶ ነው እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ ሁለት ጥንታዊ ፓርቲዎች ስማቸውን ያገኙት ከስድብ ነው፤ «ዊግ» የስኮትላንድ ከብት ነጂዎች፣ «ቶሪ» ደግሞ የአየርላንድ ሽፍቶች መጠሪያ ነበር። በሆላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1350 ገደማ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የተዋጉት ሁለት ወገኖች አንዱ «ኮድ» በተባለው ዓሣ፣ ሌላው ዓሣውን በሚይዘው መንጠቆ ይጠሩ ነበር። አሜሪካዊው አንድሪው ጃክሰን በ1828 ምርጫ ተቃዋሚዎቹ «አህያ» ሲሉት ስድቡን ለቅስቀሳው ተጠቀመበት፤ በኋላም ሠዓሊው ቶማስ ናስት አህያዋን የዴሞክራቶች መታወቂያ አድርጎ አስፋፋት፣ በ1874 ደግሞ ለሪፐብሊካኖቹ ዝሆንን ሰጣቸው። የተሰደበው ወገን ስሙን ሲለብሰው ስድቡ ጉልበቱን ያጣል። እኛም ዘንድ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግ በንብ ምልክት ሲወዳደር የተቀየመ አልነበረም።

እናት፣ ከሸዋ በር፦ መምህር፣ ያነሡት ታሪክ ትምህርት ሰጥቶኛል፤ ነገር ግን ንብና ጅብ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ንብን ፓርቲው ራሱ መረጣት፣ ማሯም በየቤታችን ይበላል። ጅብ ግን በእኛ አገር የሚጠላው ሥጋው ስለማይበላ ብቻ አይደለም። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው እምነት ስንቱን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ከማዕድ እንዳራቀ እርስዎም ያውቃሉ።

ልጅ ሳለሁ ሰኞ ገበያ ጀበና የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። እናቴ ጀበናዋን መርጣ፣ በጥፍሯ ቆርቁራ ድምፁን አዳምጣ፣ ዋጋውን ሳትከራከር ትገዛታለች። ሴትዮዋ ውሃ ስትጠይቅ ግን ለእሷ ብቻ በተለየ ጣሳ ይቀዳላታል፤ ጣሳውም ከሌላው ዕቃ ጋር ሳይታጠብ በር ሥር ይደፋል። እኛ ምሳ ላይ ሳለን ከመጣች እናቴ እንጀራውን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነዋለች። እናቴ ደግ ሰው ነበረች፤ ይህንንም የምታደርገው በክፋት አልነበረም፣ ሸክላ ሠሪዋ ግን ሁልጊዜ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትጠጣው። አንድን ፓርቲ «ጅብ» የሚል ሰው ሳያውቀው ያንን ጣሳ ለደጋፊዎቹ ሁሉ ለይቶ ያስቀምጣል። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው አነጋገር ከመሪ አንደበት ወጥቶ ጎዳና ሲደርስ፣ ስንት ምንም የማያውቅ ጎረቤት እንደተሳቀቀ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወጣቱ፣ ከኮምቦልቻ፦ እትዬ በተናገሩት እስማማለሁ፤ መምህር ያነሷት አህያ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ተዘግቷል፤ ሥጋው ወደ ውጭ የሚላክ እንጂ እኛ የምንበላው እንዳልሆነ እየታወቀ እንኳ ሕዝቡ ሊቀበለው አልቻለም። አሜሪካ ውስጥ አህያ የፓርቲ ባንዲራ ላይ መውጣቷ እዚህ ምንም አያስረዳንም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ግመል ነው። ባቲ ገበያ ግመል እንደ በሬ ይሸጣል፤ ሙስሊሙ ይበላዋል፣ ክርስቲያኑ አይበላውም። ነገ አንዱ «ግመል በላ» ብሎ ፓርቲ ቢሰይም የሚሰደበው ፓርቲው ሳይሆን የጎረቤቴ ምሳ ነው። ሥጋ ቤቶቻችን በመስቀልና በጨረቃ ተለይተው፣ በሠርግ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ እየታረደ፣ ድንኳኑ ግን አንድ ሆኖ ኖረናል። አለመብላት የራስን አፍ መጠበቅ ነው፤ የሌላውን መጠሪያ ማውጫ ሲሆን ግን መልኩን ይለውጣል።

መምህሩ፣ ከሆጤ፦ የጣሳው ነገር አሳምኖኛል፤ ስለ ጅብ የተናገርኩትን ትቻለሁ። በአንድ ነጥብ ግን እጸናለሁ፤ ቅጽል ስም ሁሉ አይከልከል። «ወያኔ» በ1935 ዓ.ም. የተነሣው የትግራይ አመፅ መጠሪያ ነበር፤ ሕወሓት በስሙ ውስጥ በኩራት አስገባው፣ ሌላው እንደ ስድብ ተጠቀመበት። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን የሚያኮራ ሌላው የሚሰድብበት ከሆነ፣ ድንበሩን በእንስሳው ብቻ ማስመር አንችልም።

እናት፣ ከሸዋ በር፦ ልክ ነው መምህር፤ ለዚህም ነው እኔ የምጠይቀው ስሙን ማን አወጣው ብዬ ሳይሆን፣ በዚያ ስም የተጠራው ሰው ነገ ቤቴ ቢመጣ በየትኛው ጣሳ እቀዳለታለሁ ብዬ ነው። ሻይ ቤት የተሰደበው ልጅም የተወውን ሻይ የሰደበው አብሮ አደጉ ዛሬውኑ ሄዶ ሊጋብዘው ይገባል።