የመሐል ዳዶ ወይስ አምስት ቡሎን? በመኪና ውድድር ትራክ ላይ ለሚነዳ መኪና የቱ ይሻላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀርመን አገር ሲሆን፣ በዓመት አራትና አምስት ጊዜ ሆከንሃይም ትራክ ላይ የምነዳው ፖርሽ ካይማን ጂቲ4 አለኝ። እሱን ሸጬ ያገለገለ 911 ጂቲ3፣ የ991 ትውልድ የሆነውን፣ ለመግዛት አስቤአለሁ። የሚያሳስበኝ የጎማው አስተሳሰር ነው፤ የካይማኑ ጎማ በአምስት ቡሎን ሲታሰር፣ የጂቲ3ው ግን መሐል ላይ ባለ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው። ትራክ ስደርስ ጎማ የምቀይረው ብቻዬን ስለሆነ፣ ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ መኪና ከያዝኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። የመሐል ዳዶ የመጣው ከመኪና ውድድር ነው፤ እዚያ በአየር መፍቻ አንድ ዳዶ ፈትቶ ማሰር አምስት ቡሎን ከመልቀም ስለሚፈጥን፣ የሚተርፈው ሰከንድ ዋጋ አለው። እኛ ግን በሰዓት አንወዳደርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ክሩና ሾጣጣው ፊት ተጠርጎ የታዘዘው ቅባት ይቀባል፤ ዳዶው በ600 ኒውተን ሜትር ይታሰራል፤ ከዚያ ሩብ ዙር ይላላና እንደገና በ600 ይጠብቃል። አንድ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ ይህ ወደ 60 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ማለት ነው። ጎማው አብሮ እንዳይዞር ሌላ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ፍሬን መርገጥ ስላለበት፣ ብቻዎን መሆንዎ እውነተኛ ችግር ነው። እኔ ባለቤቴን ይዤ ነው የምሄደው።

ቁልፉን ሲያወጡ፣ መሐል ላይ በስፕሪንግ የሚገፋው መቆለፊያ ወደ ውጭ ተመልሶ ከዳዶው ጥርስ ጋር መግጠሙን በዓይንዎ ሳያዩ መኪናውን ከክሪክ አያውርዱ። አንድ ቀን የኋላው ግራ ጎማ መቆለፊያ በአቧራና በደረቀ ግራሶ ተይዞ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ በጣቴ ነክቼው ባላረጋግጥ ኖሮ አላየውም ነበር።

መልስ 2

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም የመሐል ዳዶን እንደ ጌጥ ብቻ መቁጠር ትክክል አይመስለኝም። ጎማውን የሚያዞረው ኃይል በሞዞው (ጎማው የሚገጠምበት የመሐል ክፍል) ዙሪያ ባሉት ፒኖች በኩል ስለሚያልፍ፣ ዳዶው የሚሠራው ሥራ አጥብቆ መያዝ ብቻ ነው፤ ሥርዓቱን ለሚጠብቅ ሰው አስተማማኝ ነው። አምስት ቡሎን ግን ስህተትን ይታገሣል፤ አንዱ ቢላላ አራቱ ይዘው ይቆያሉ፣ መሪውም ተንቀጥቅጦ ያስጠነቅቃል። አንዱ ዳዶ ከላላ የሚረዳው የለም። ብቻውን ለሚሠራ ሰው በእኔ ሚዛን ይህ ይከብዳል። የካይማን ዓይነት የሆነው 718 ጂቲ4 አር ኤስም ባለ አንድ ዳዶ መሆኑን አይርሱ፤ ቡሎን ከፈለጉ ተራውን ጂቲ4 ይያዙ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መኪናውን ቅዳሜ ላየው ቀጠሮ ይዣለሁ። ምን ልመልከት?

መልስ 1

አራቱንም ዳዶ አስፈትተው ክሩን በባትሪ መብራት ይዩ፤ የተላጠ ወይም የተጫረ ካለ ዋጋ ሳይነጋገሩ ይመለሱ። መቆለፊያውን በጣትዎ ገፍተው ሲለቁት ወዲያው መመለስ አለበት። ሻጩ የዳዶ መፍቻ ቁልፉንና ማሰሪያውን ሶኬት አብሮ የሚሰጥ መሆኑንም ይጠይቁ።